ጉልበት አባት፣ መሬት እናት

እ.ኤ.አ. በ1875 የጀርመን ሶሻሊስቶች በጎታ ከተማ ለሚያደርጉት ጉባኤ ያረቀቁት ፕሮግራም «የሀብት ሁሉ ምንጭ ሥራ ነው» ብሎ ይጀምር ነበር። አጥብቆ የተቃወመው ካርል ማርክስ ነው። ተፈጥሮም የዚያኑ ያህል ምንጭ ናት፤ እሷን ከረሳን፣ ከጉልበቱ ሌላ የሌለው ሰው ባለመሬቱ ካልፈቀደለት መሥራት እንደማይችል እንረሳለን አለ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ጸሐፊ ዊሊያም ፔቲም ገና በ1662 ጉልበትን የሀብት አባት፣ መሬትን እናት ብሏቸው ነበር።

ስህተቱ የሚመጣው ሀብትና ዋጋ ሲምታቱ ነው። ስንዴውን የሚያፈሩት አፈሩ፣ ዝናቡ፣ ፀሐዩና የአራሹ ክንድ አብረው ነው፤ ዝናብ ግን ደመወዝ ስለማይጠይቅ ዋጋው ውስጥ አይታይም። ታዲያ የመሬት ኪራይ ከየት ይመጣል?

የእንግሊዛዊውን ኢኮኖሚስት የዴቪድ ሪካርዶን የ1817 መልስ በቁጥር እንየው። እኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ማሳዎች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዳቸው የ40 ቀን ሥራ ይፈስሳል። ለሙ 20 ኩንታል፣ መካከለኛው 15፣ ጭንጫው 10 ይሰጣል። ለሙ ላይ 1 ኩንታል 2 ቀን ሲፈጅ ጭንጫው ላይ 4 ቀን ይፈጃል። ሕዝቡን ለመመገብ ጭንጫውም መታረስ ካለበት፣ ዋጋው የ4 ቀኑን ድካም መሸፈን አለበት፤ አለዚያ የሚያርሰው አይገኝም። ገበያው ደግሞ ለሁሉም ስንዴ አንድ ዋጋ ነው የሚከፍለው። የ40 ቀኑን ድካም 10 ኩንታል ከሸፈነው፣ ከዚያ የሚተርፈው፣ ማለትም ከለሙ 10፣ ከመካከለኛው 5 ኩንታል ለባለመሬቱ ኪራይ ይሆናል፤ ጭንጫው ምንም አያወጣም። ጭንጫውን መተው ቢቻል የለሙ ኪራይ ወደ 5 ይወርዳል።

ብዙ ሰው «ኪራይ ስለተወደደ እህል ተወደደ» ይላል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የእንግሊዝ የ1815 የእህል ሕግ፣ የአገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር (የእንግሊዝ የእህል መስፈሪያ) 80 ሽልንግ እስኪደርስ የውጭ ስንዴ እንዳይሸጥ ከለከለ። በዚህም ደካማው መሬት መታረሱን ቀጠለ፣ የባለመሬቶቹም ኪራይ ተጠበቀላቸው።

ሪካርዶ የአፈርን ኃይል የማይጠፋ አድርጎ መቁጠሩ ግን አይዋጥልኝም። ተዳፋት ላይ ያለ ለም ማሳ ያለ እርከን ከታረሰ የላይኛውን አፈር ጎርፍ ይወስደዋል። ምርቱ ከ20 ወደ 16 ሲወርድ፣ 1 ኩንታል 2 ቀን ተኩል ፈጀ ማለት ነው፤ አራሹ ግን አልሰነፈም። እርከን ሠርቶ ቢመልሰው፣ እነዚያ 4 ኩንታሎች የድካሙ ፍሬ እንጂ ኪራይ አይደሉም። ውሉ ሲታደስ ግን ባለመሬቱ ኪራይ ጨምሮ ይወስዳቸዋል።