የፎሶሊያ ችግኞቼ ለምን ገረጡ?

ፎሶሊያ ሥሩ ሲነካካ አይወድም፤ በቀጥታ መደብ ላይ ቢዘራ ይመረጣል። ለገጣፎ ያለው ግቢዬ ግን አይጥና ወፍ ዘር አያስተርፉልኝም። ስለዚህ በጥቁር ፕላስቲክ አፍልቼ ነው የማዛውረው። ዘንድሮም በሚያዝያ ዘራሁ፤ ዝናቡ ጠንከር ሲል ላወርዳቸው። አበቃቀላቸው ቆንጆ ነበር። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣው ቅጠል ብቅ ሲል ግን ገረጡ።

ምክር አልጠፋም። አንዷ ጎረቤቴ "ውሃ ጠምቷቸው ነው የኔ ልጅ" አሉኝ። ሌላው "ዩሪያ ጣል አድርግበትና ተገላገል" አለ። ዩሪያ የሁሉም ነገር መድኃኒት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥሩ በውሃ ብዛት የታፈነ ችግኝ ላይ ቢጨመር ግን ጭራሽ ሊገድለው ይችላል። መጀመሪያ ማየት ይሻላል።

ከታች ያሉት ሁለቱ ወፋፍራም የዘር ክኮች ቢጫ ሆነው ቢረግፉ አያሳስብም፤ ስንቃቸው አልቆ ነው። የኔዎቹ ላይ ቀድመው የገረጡት ግን እውነተኞቹ የታች ቅጠሎች ናቸው፤ ያውም ከነጅማታቸው። ይሄ የናይትሮጅን እጥረት ምልክት ነው። ተክሉ ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ቢቀር ኖሮ የብረት እጥረት እጠረጥር ነበር።

የቅጠሉን ጀርባ ገለበጥኩ። ተባይ የለም፤ ስስ ድርም የለም። ግንዱ አፈሩ ጋ አብጦ አልተሰነጠቀም፤ የቦሎቄ ዝንብ ትል ከገባ የሚያስታውቀው እዚያ ነው። ብርሃን ያጠረው ችግኝ ይመዘዛል፣ የኔዎቹ ግን አጫጭር ናቸው። ወቅቱ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ቢሆን ብርዱን እወቅስ ነበር።

በመጨረሻ አንዱን ከፕላስቲኩ አወጣሁት። ሥሩ ነጭ ነው፣ የመበስበስ ሽታ የለውም። አፈሩን በጣቴ ሳፈርሰው ግን ግማሹ ሰጋቱራ! ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ በጆንያ የገዛሁት "ኮምፖስት" ነው። ላይ ላዩ ጥቁር ስለሆነ አያስታውቅም። ያልበሰበሰ ሰጋቱራ አፈር ውስጥ ሲገባ፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይሻሙታል። ችግኙ ጦሙን ያድራል።

ይሄንንም ቢሆን ሳላረጋግጥ ማመን አልፈለግኩም። ችግኞቹን ለሁለት ከፈልኩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ በጥብጬ ለግማሾቹ ብቻ ሰጠሁ፤ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ለቡቃያ ይህችው ትበቃለች። ብዙም ሳይቆይ ዩሪያ ያገኙት ችግኞች አዲስ ቅጠላቸው ደመቅ ብሎ ወጣ፤ ያላገኙት እንደገረጡ ቀሩ። ከዚያ ለነሱም አጠጣሁ። የገረጣው አሮጌ ቅጠል ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ መዳኑ የሚታየው በአዲሱ ነው።

አልደገምኩትም። ፎሶሊያ ሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ያገኛል። ዩሪያ ሲበዛበት ይሄን ሥራ ይተወዋል። ቆየት ብላችሁ ሥሩን ብታዩ ትንንሽ እብጠቶች ታገኛላችሁ፤ ሲቆረጡ ውስጣቸው ቀላ ካለ እየሠሩ ነው።

ቅጠላቸው ሲያምር ከፍ ባለ መደብ ላይ አወረድኳቸው፤ የኛ ሰፈር ኮትቻ (ጥቁር የሸክላ አፈር) በክረምት ውሃ ይይዛል። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድጄ፣ አፈሩ ሳይፈርስ፣ ፀሐይ በረድ ሲል። በጣም የቀነጨሩትን ግን አልለመንኳቸውም። ፎሶሊያ ቶሎ ይደርሳል፤ በነሱ ቦታ እዚያው መደቡ ላይ አዲስ ዘር ጥዬ እሾህ ከደንኩበት።

የተረፈው ጆንያ አልተጣለም። ከላም ፍግ ጋር ደባልቄ ጓሮ ከምሬዋለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ይብሰል።