አባባ እና «ሆትዶግ»

«ዛሬ ዛሬ ሰው ሁሉ ያንሾካሹካል» ይላሉ አባባ። ጆሮዬ ደከመ ማለት የለም። የግድግዳ ጎረቤታችን በቴሌቪዥኑ ጩኸት ሲማረር ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወዳለ የንግግርና የመስማት ክሊኒክ ወሰድኳቸው። እዚሁ ሜሪላንድ ነው። የምትመረምረው የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ ፈቃድ ያላት አስተማሪዋ ትከታተላታለች። ስለዚህ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሰዓቱ ደግሞ ይረዝማል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ተማሪ አይቸኩልም። በዚያው ኮሪደር የሚንተባተቡ ልጆችና ከስትሮክ በኋላ ቃል የጠፋባቸው ሰዎችም ይታከማሉ።

መጀመሪያ ጆሯቸውን በመብራት አየች። ኩክ የለም። ከዚያ ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል አስገብታ ማዳመጫ አደረገችላቸው፤ ድምፅ ሲሰሙ ቁልፍ ይጫናሉ። ከወፍራሙ 250 እስከ ቀጭኑ 8,000 ኸርዝ። ወፍራሙን ቶሎ ቶሎ ተጫኑ። ቀጭኑ ላይ ጣታቸው ዝም አለ። ግራፉ ላይ ቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ግራ በሰማያዊ ኤክስ ይመዘገባል፤ ሁለቱም መስመሮች እንደ ጣርማ በር ቁልቁለት ወረዱ። ግራው ይብሳል። አባባ 22 ዓመት በአሰብ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል፤ መስኮቱ በግራ በኩል፣ ሁሌም ክፍት።

ቀጥሎ የቃላት ፈተና መጣ። የምትለውን መድገም ነው። «ሆትዶግ»፣ «ቤዝቦል»፣ «ኤርፕሌን»። ኤርፕሌንን ብቻ አገኟት። ማዳመጫውን አወለቁና፣ «አልሰማሁም ነው ወይስ አላውቀውም? ለይተሽ ንገሪያት እንጂ!» አሉኝ።

ተረጎምኩላት። አስተማሪዋ ገባች፤ ይኼ የለካው እንግሊዝኛቸውን ነው ብላ ከውጤቱ አወጣችው። ከዚያ ተማሪዋ፣ ከወጉ ውጪ፣ አፌን በወረቀት ሸፍኜ በአማርኛ ቁጥር እንድጠራላቸው ጠየቀችኝ።

«ሰባት» አልኩ።

«አባት» አሉ።

ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ። «ሰ» ቀጭን ድምፅ ናት፤ ከጆሯቸው ወጥታለች። ተማሪዋ አይቆጠርም እያለች ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

የመስሚያ መሣሪያው ሌላ ጣጣ ነው። ተራው ሜዲኬር፣ የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ አይሸፍነውም። በፈረንጆቹ ከ2022 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥም አለ፤ እሱ ግን ቀላልና መካከለኛ ድካም ላለበት ጆሮ ነው። የአባባ ግራ ከዚያ አልፏል።

ስንመለስ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ምሳ ምን ይሁን ብል ዝም። ድሮ ያኮረፉ ይመስለኝ ነበር። ለካ እዚህም መሪው በግራ ነው፤ ስንት ዓመት የማወራው ለዚያው ለሚብሰው ጆሯቸው ኖሯል።