ጀርባቸው ላይ በረዶ ተቆልሎ

አሜሪካ፣ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ፣ ሃይዌይ 90 ላይ፣ ጭነት ይዤ እየነዳሁ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲወርድ አድሯል። ከሽቦ አጥሩ ማዶ ጥቋቁር ላሞች ቆመዋል፤ በረት የለ፣ ጣሪያ የለ፣ ጀርባቸው ላይ በረዶው እንደ ጋቢ ተደርቦባቸዋል። አንጀቴ ተላወሰ። እኔ ባደግኩበት አገር ከብት ሲመሽ ይገባል፤ ጥጃማ ከእኛው ጋር አንድ ጣሪያ ስር ነው የሚያድረው።

ነዳጅ ልቀዳ ስቆም አንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ አገኘሁና አላስቻለኝም፣ ጠየቅኳቸው። «ጀርባቸው ላይ ያለው በረዶ ካልቀለጠ አትስጋ» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። በረዶው የማይቀልጠው የገላቸው ሙቀት በዚያ ወፍራም ጸጉር ታፍኖ ስለሚቀር ነው። ጸጉሩ በደንብ ካደገና ደረቅ ከሆነ፣ ላሟ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ለሙቀት ብላ ተጨማሪ መኖ አያስፈልጋትም። ጸጉሯ ከራሰ ግን ከዜሮ በላይ 15 ዲግሪ ላይ እንኳ ይበርዳታል። ልዩነቱን እዩት! ሌላው ምድጃዋ ሆዷ ነው። ድርቆሽ ጨጓራዋ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፤ አርቢዎቹም ወጀብ ሲመጣ ድርቆሽ የሚጨምሩላቸው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምንድነው የሚገድላቸው? በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2013 መጀመሪያ ላይ እዚሁ ምዕራብ ደቡብ ዳኮታ የሆነውን ሳነብ ነው የገባኝ። ገና መኸር ነበር፣ ከብቶቹ የብርድ ጸጉራቸውን አላወጡም፣ አብዛኞቹም መጠለያ በሌለው የበጋ ግጦሽ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ዝናብ ወረደና እስከ ቆዳቸው አራሳቸው፣ ከዚያ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ የሚምዘገዘግ ነፋስ በረዶ ይዞ መጣ። ከብት እንዲህ ሲሆን ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ አጥሩ በበረዶ ተቀብሮ ስለሚገኝ በላዩ ይረማመዳል፣ ጅረት ውስጥ ይገባል፣ ጥግ ላይ ተደራርቦ ይተፋፈናል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ለዓመታት ዘራቸውን እየመረጡ ያሳደጓቸው ላሞች በየቦዩ ወድቀው ተገኙ። ያን ሰሞን የፌደራል መንግሥቱ በበጀት ጭቅጭቅ ተዘግቶ ነበር፣ ከብት ለሞተባቸው አርቢዎች ካሳ የሚያስከፍለው ሕግም ጊዜው አልፎበት ነበር። ካሳ የተፈቀደው በ2014 አዲስ ሕግ ሲወጣ ነው። ይሄ እስካሁን ያበሳጨኛል።

አሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ ዓይኔ የሚፈልገው የነፋስ መከላከያውን ነው። ረጅም የጣውላ አጥር ነው፣ በጣውላዎቹ መሀል ሆን ተብሎ ክፍተት ይተዋል፣ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል። ድፍን ቢሆን ነፋሱ በላዩ ዘሎ በረዶውን እዚያው ከብቶቹ ላይ ይከምረው ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጋ ፍጥነቴን ቀነስ አድርጌ አየሁ። ከጣውላው ጀርባ ተጠጋግተው ያመነዥካሉ፣ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል፤ ጀርባቸው ላይ ያለው በረዶ አልቀለጠም።