«ምን አጥፍቶ ነው?»

ሥራዬ ዲኮር ነው። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ፕሮፖዝ» የሚባል ሥራ ተጨመረልን። ድሮ ሽማግሌ ይላክ ነበር። አሁንም ይላካል። ግን ከዚያ በፊት ልጁ ራሱ ተንበርክኮ ይጠይቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሽማግሌዎቹ ያለቀ ነገር ይዘው ይሄዳሉ።

ኅዳር መጀመሪያ ነበር። በዚያ ሰሞን ሥራ ይበዛብናል። ጥር ላይ ሊያገቡ ያሰቡ ሁሉ የፕሮፖዙ ግብዣ በፍስክ እንዲሆንላቸው የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሳይገባ ይጣደፋሉ።

ደንበኛችን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀን። «ጸጥ ያለ ቦታ ይሁን። እሷ ሰው ፊት መታየት አትወድም።» እንጦጦ ፓርክን አሰብን። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ይበዛል። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልንም አሰብን። እሱ ደግሞ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ልጁ «ታኮ ጫማ ካደረገች አለቀልኝ» አለ። በመጨረሻ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል፣ አንዲት ትንሽ የአትክልት ቦታ አገኘን። ከወፍ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

እኔ ታዲያ ምን ይዤ ሄድኩ? ጀነሬተር።

አትሳቁ። መብራት ዛፍ ላይ እንሰቅላለን፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ እንከፍታለን ብዬ ነው። ሌላም ጥፋት አለብኝ። ምሥጢሩ እንዳይወጣ ብዬ የቦታውን ኃላፊ «የፎቶ ፕሮግራም ነው» አልኩት። ለጥበቃው ደግሞ ጭራሽ ምንም አላልኩም። ልጅቷ ጥበቃውን ከየት ታውቀዋለች? ግን እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ጓደኛዋ «የልደቴን ፎቶ አብረን እንነሳ» ብላ አመጣቻት። የጽጌረዳው ቅጠል ተበትኗል። ሻማውን ግን ከላይ የሚወርደው ነፋስ አንድ በአንድ አጥፍቶታል። ጀንበር ልትጠልቅ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ አንዴ ከጠለቀች ቶሎ ይጨልማል። ጀነሬተሩን አስነሳሁና ልጁን በዓይኔ ጠቀስኩት።

ተንበረከከ።

ይናገራል። ጀነሬተሩ ይጮኻል። ልጅቷ «ምን?» ትለዋለች። ደገመው። «አልሰማሁህም!» አለች። ስንት ሌሊት ያጠናውን ንግግር ትቶ፣ የደም ሥሩ እስኪገተር «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ጮኸ። ጸጥ ያለ ቦታ ይሁን ያለው እሱው ነው እንግዲህ።

በዚህ መሐል ጥበቃው ከች አሉ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል። የመጡት ጀነሬተሩን ሊያስጠፉን ነበር። ልጁን ተንበርክኮ፣ ልጅቷን አፏን ይዛ ስታለቅስ ሲያዩ ግን ቆም አሉ። እሳቸው ባደጉበት አገር ሰው የሚንበረከከው ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፤ ያውም ድንጋይ ተሸክሞ። ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ቀረብ አሉ።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ ጀነሬተሩን ለማጥፋት እየተንደፋደፍኩ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ይቅር በዪው። ሰው አይደል? ይሳሳታል። ይኸው ተንበርክኮልሻል፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

ጀነሬተሩ ጠፋ። ወፎቹ እንደገና ተሰሙ። ልጅቷ እያለቀሰችም እየሳቀችም «እሺ አባባ» አለች።

ልጁ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ «እሺ ያልሽው የትኛውን ነው?» አላት።

«ሁለቱንም» አለችው።

ከፎቶዎቹ ሁሉ ያሳተሙት እሳቸው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው የሚያባብሉበትን ነው። ልጁ በጀነሬተሩ ምንም አልተናገረኝም። እኔ ግን አፍሬ ከቀሪው ክፍያ ላይ ኪራዩን ቀነስኩለት።

አሁን መብራቴ በባትሪ የሚሠራ ነው። ሻማው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ስፒከር የሚባል ነገር አልይዝም። ቦታ ላይ ስደርስ ግን መጀመሪያ የማገኘው ጥበቃውን ነው። ማን እንደሚንበረከክ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። ምሥጢሩ የሚደበቀው ከአንድ ሰው ብቻ መሆኑን ለመማር ስንት እንደከፈልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እዚያች የአትክልት ቦታ አሁንም ሥራ አይጠፋም። ስልክ ስደውል አባባ ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ ይጠይቁኛል፦

«የዛሬው ይቅርታ ነው ቀለበት?»