ልጄን ማንጠግቦሽ ያልኋት ስለ አያቴ ነው

ልጃችን በተወለደች በሰማንያኛው ቀን እዚሁ አዳማ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና ስሟ ከካህኑ አፍ ወጣ፤ በዓለም ስሟ ግን እኔና ባለቤቴ ገና አልተስማማንም ነበር። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ለውሳኔ የቀሩን አሥር ቀናት ብቻ ነበሩ። እኔ በልቤ የያዝሁት ስም ማንጠግቦሽ ነበር። ያሳደጉኝ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ስም ነው።

ለምን ይህን የጥንት ስም መረጥህ ለሚሉኝ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ከስማችን አሠራር የመጣ ነው። በእኛ አገር ሰው በራሱ ስም ላይ የአባቱንና የአያቱን ስም አስከትሎ ይጠራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ድንጋጌው በኑሯችን ውስጥ ሥር አልሰደደም። ስለዚህ የአባቴ ስም፣ ማንም ሳይጨነቅበት፣ በልጄ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ቤት መዝገቧና ወደፊት በምታወጣው ፓስፖርት ላይ ይሰፍራል። በዚህ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በጀርባቸው አዝለው፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለተሳፋሪ ቆሎና ዳቦ እየሸጡ ያሳደጉኝ ሴት ስም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ቦታ የለውም፤ የእናቴ ስም እንኳ የለበትም። የሴት አያት ስም የሚኖረው የሚያስታውሷቸው ሰዎች እስካሉ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ስሙን ለማቆየት ለሌላ ልጅ እንደ አዲስ ከማውጣት በቀር መንገድ አላገኘሁም።

ስሙ ራሱም የሚናገረው ነገር አለው። ማንጠግቦሽ ጥያቄ ነው፤ «ማን ጠግቦሽ?» ማለት ነው። አያቴ እንደነገሩኝ ከእሳቸው በፊት ሁለት ሕፃናት በማረፋቸው አባታቸው ካሳነሽ ሊሏቸው ፈልገው ነበር። እናታቸው ግን ልጃቸው ዕድሜዋን ሁሉ የሌላ ልጅ ማካካሻ ተብላ እንድትጠራ አልወደዱም። ገና አይተዋት ሳይጠግቧት እንዳትለያቸው እየፈሩ ማንጠግቦሽ አሏት፤ እሷም ሰማንያ አንድ ዓመት ኖረች። የጥንት ስሞቻችንን የምወድበት ምክንያት ይህ ነው። በላይነሽ፣ ከበቡሽ፣ ዘነበወርቅ፣ አሰለፈች ስንል ልጅቷ በተወለደችበት ቀን ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው የተናገረውን ዓረፍተ ነገር እየደገምን ነው። ከተማችን እንኳ ከስሟ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላት፤ አዳማ በኦሮምኛ ቁልቋልን ከሚጠራው ቃል የመጣ እንደሆነ ይነገራል፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፣ በኋላም የቀድሞ ስሟ ተመለሰላት። አያቴ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው «ናዝሬት» እንዳሉ አለፉ።

ባለቤቴ የመረጠችው ስም ሃሴት ነበር። ግእዝ ነው፣ ትርጉሙም ደስታ ነው፤ በስሙ ላይ የምለው ነቀፋ አልነበረኝም። የመጀመሪያ ልጃችንን ናታን ያልነው ሁለታችንም ወደነው ነውና የዘመኑን ስም የምጠላ ሰው አይደለሁም። የእሷ ሥጋት ሌላ ነበር፦ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ሶልያናና ኤልዳና በሚባሉ ልጆች መካከል ማንጠግቦሽ ተብላ ስትጠራ ይስቁባታል ብላ ፈራች። አንድ ምሽት ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ተናገረችኝ። «ስሙን የምትወደው እሳቸውን ስለምትወዳቸው ነው፤ ልጃችን ግን አታውቃቸውም» አለችኝ። ለዚህ ወዲያውኑ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስም የማውጣቱን ቅድሚያ ለአባት፣ ሁለተኛ ስም የማውጣቱን ደግሞ ለእናት እንደሚሰጥ ባውቅም፣ እናቷ ያልተቀበለችውን ስም በሕግ ተደግፌ ልጄ ላይ መጫን አልፈለግሁም።

እናቴ አስታራቂ መስሏት የአያቴን የክርስትና ስም ብንወስድላት ይሻል ነበር አለችን። ጊዜው አልፎ ነበር፤ ባያልፍም ግን ልቤ አይቀበለውም ነበር። የክርስትና ስም የሚጠራው በቤተ ክርስቲያን፣ በቁርባንና በጸሎት ነው። ከአያቴ ጎረቤቶች ብዙዎቹ የእሳቸውን የክርስትና ስም የሰሙት በፍትሐታቸው ቀን ነበር። እኔ የምመኘው ግን ስማቸው በግቢ ውስጥ፣ በመንገድ ላይ፣ በየቀኑ እንዲሰማ ነበር።

ነገሩን የቋጨችው ባለቤቴ ናት። ለምዝገባው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሌሊት ሕፃኗን አጥብታ፣ እንቅልፏን ትታ ፊቷን ስታያት ቆየችና «ማን ጠግቦሽ!» አለቻት። ስም መጥራቷ አልነበረም፤ የተሰማትን መናገሯ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ጠዋት ተነሥታ «አስመዝግባት፤ ግን ማንም አያሳጥርብኝ» አለች። እህቷ «ማኒ» ማለት ጀምራ ነበርና ያን ዕለት አስተወቻት።

የመዝገቡ ሠራተኛ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግማኝ ጻፈችው። በእኛ ከተማ ስም በቁቤም ስለሚጻፍ፣ ቁቤ ደግሞ የ«ጠ»ን ድምፅ በኤክስ ፊደል ስለሚወክል፣ በአንዱ ፊደል ያየኸው ስም በሌላው ሌላ ሰው ይመስላል። ረጅም ስም የምታወጡ ወላጆች ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት እያንዳንዱን ፊደል እንድታዩ እመክራለሁ።

ያላሰብሁት ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አያቴን በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ለእኔ እማማ ነበሩ፤ «እርስዎ» እያልሁ ነው ያደግሁት። ስማቸውን የምሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነበር፤ ጎረቤት «እትዬ ማንጠግቦሽ» ሲል፣ የእድሩ ጸሐፊም «ወይዘሮ ማንጠግቦሽ» ብሎ ሲጠራ። አሁን ያንኑ ስም ያለ ወይዘሮ፣ ያለ እትዬ፣ በባዶው መጥራት አለብኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ማንጠግቦሽ፣ ነይ» ባልሁ ቁጥር አንድ ትልቅ ሰው የደፈርሁ ይመስለኝና ድምፄ ዝቅ ይል ነበር። ናታን ግን እኅቱን ከጓሮ እስከ በር በሚሰማ ድምፅ ይጠራታል፤ እኔም ከእሱ እየለመድሁ ነው።

እናቴ እስካሁን አልለመደችውም። ልጅቷ ስምንት ወር ሞልቷታል፤ እናቴ ግን የገዛ እናቷን ስም በቁሙ ልትጠራ አፏ አይታዘዝላትም። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅን «እማዬ» ብሎ ማቆላመጥ የተለመደ ነውና፣ ስታለቅስባት ታቅፋት በረንዳው ላይ እየተመላለሰች «እሺ እማዬ፣ መጣሁ እማዬ» ትላታለች።