የድሮ ፖቴዝ 25 ኪት ወደ ትክክለኛ ልኩ የተመለሰበት መንገድ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ 1929) አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ነበር። ይህን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በ1/72 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሼ፣ የሠራሁት ከአንድ የድሮ የፕላስቲክ ኪት (ተገጣጣሚ የሞዴል ክፍሎች) ነው። ኪቱ ብዙ ስህተት አለው፣ ግን ስህተት ሁሉ እኩል አይታይም። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ክንፉ ላይ ስለሆነ አብዛኛው ሥራዬም እዚያው ነው።

ከምላጭ በፊት ካሊፐር (ረቂቅ ልኬት የሚለካ መሣሪያ) ይቀድማል። የእውነተኛው አውሮፕላን የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.14 ሜትር፣ ርዝመቱ 9.10 ሜትር ነው። ለ72 ሲካፈል 196.4 እና 126.4 ሚ.ሜ ይሆናል። የኪቱ ክንፍ 190 ሚ.ሜ ብቻ ነበር። የሚሠሩበትን ንድፍ አትመው ሲያወጡም ልኩን ያረጋግጡ፤ ፕሪንተር ገጹን ለማስማማት ሲል ሥዕሉን ያሳንሳል፣ ስለዚህ የክንፉን ርዝመት ወረቀቱ ላይ ለክቼ 196.4 ካልሆነ መጠኑን ቀይሬ እንደገና አትማለሁ።

የጎደለው 6.4 ሚ.ሜ ለሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ ወገን 3.2 ነው። ክንፉን መሀል ላይ ቆርጦ ማስረዘም ይቀላል፣ ግን መደገፊያዎቹ (ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዙት ምሰሶዎች) የሚቆሙበትን ቦታ ሁሉ ያዛባል። ኪቱን ከንድፉ ጋር ሳስተያየው መደገፊያዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል፣ ጉድለቱ ያለው ከእነሱ ወዲያ ጫፉ አጠገብ ነው። ስለዚህ ከጫፉ ገባ ብዬ ልክ የጎድን አጥንቱ (ከሸራው ሥር ሆኖ ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጠው አጥንት) መስመር ላይ በቀጭን መጋዝ ቆረጥኩ፤ መጋጠሚያው በኋላ የጎድን አጥንት መስሎ ይደበቃል። ክፍተቱን ሦስት ባለ 1 ሚ.ሜ እና አንድ ባለ 0.25 ሚ.ሜ የፕላስቲክ ንጣፍ ደራርቤ ሞላሁት። በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት የ0.8 ሚ.ሜ ናስ ሽቦ አስገብቻለሁ። ያለ ሽቦ የተጣበቀ ጫፍ ሲፈገፈግ ይሰነጠቃል።

የክንፉ የኋላ ጠርዝ 0.9 ሚ.ሜ ውፍረት ነበረው። ይህ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው፣ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ክንፍ እንዲህ አይወፍርም። የላይኛው ገጽ ጉብታውን እንዳያጣ ከሥር በኩል ብቻ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ ወደ 0.3 አወረድኩት።

የጎድን አጥንቶቹም እንዲሁ የተጋነኑ ናቸው፤ ሸራው በመካከላቸው እንደ ከሳ ከብት ጎን ሰርጉዷል። በቀለም የተወጠረ ሸራ ግን የሚረግበው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ 5 ሚ.ሜ ቢሰረጉድ እንኳ በዚህ ስኬል 0.07 ነው። ጉድጓዶቹን በስቱኮ ሞላኋቸው፣ ግን በስሱ፣ በሁለት ዙር፣ በመካከሉ 24 ሰዓት እየቆየሁ። ወፍራም ስቱኮ ሁለት ጉዳት አለው፦ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ በውስጡ ያለው ማሟሟያም ቀጭኑን ጠርዝ አለስልሶ ያጣምመዋል። ከዚያ በ400፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ማለስለስ ነው። አዲሶቹን የጎድን አጥንቶች ለማውጣት፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ 0.4 ሚ.ሜ ክፍተት ትቼ ክንፉን በስኮች ሸፈንኩና ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት ቀለም) ደጋግሜ ነፋሁበት። ስኮቹ ሲነሳ በጣት የሚዳሰስ ስስ መስመር ብቻ ይቀራል።

ሞተሩ ሌላ ነገር ነው። እኔ የፈለግሁት ሎሬን 12ኤቢ የተባለው ሞተር የተገጠመለትን አውሮፕላን ነው። የሞተሩ 12 ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሦስት ረድፍ ይቆማሉ፦ አንዱ ረድፍ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ 60 ዲግሪ አዘንብለው። ኪቱ ሁለት ረድፍ ብቻ ሰጥቶ የአፍንጫውን መልክ አበላሽቶታል። የሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት 120 ሚ.ሜ ስለሆነ፣ የውኃ ሽፋኑ ሲታከልበት 2 ሚ.ሜ የፕላስቲክ ዘንግ ይበቃዋል። ማዘንበያውን ከካርቶን በተቆረጠ የ60 ዲግሪ ማዕዘን ይለኩ። ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ በአየር እንደሚቀዘቅዙት ሞተሮች ሲሊንደሩ ላይ ቀለበት አይቅረጹ።

የኪቱን የክንፍ መደገፊያዎች ጥዬ፣ በአካሉና በላይኛው ክንፍ መካከል ያሉትን ከናስ ሽቦ፣ የውጮቹን ከ0.75 በ1.5 ሚ.ሜ የፕላስቲክ ስትሪፕ ፊታቸውን አሞላልዬ ሠራሁ። የመሀሎቹ ከናስ የሆኑት የላይኛው ክንፍ ቀጥ ማለቱ በእነሱ ላይ ስለሚወሰን ነው። ሲጣበቅ ሁለቱን ክንፎች የሚይዙ ሁለት ጊዜያዊ የካርቶን መያዣዎች ከጎን ንድፉ ላይ ቆርጬ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ድረስ አላነሳኋቸውም። ታችኛው ክንፍ ከላይኛው በግልጽ ስለሚያጥር ጫፍ ለጫፍ አይተው ሊያስተካክሉት አይችሉም፤ ያለ ካርቶኑ መጣመሙ የሚታወቀው ከደረቀ በኋላ ነው።

በክንፎቹ መካከል የሚዘረጉትን የመወጠሪያ ሽቦዎች ቀዳዳ ከቀለም በፊት በ0.3 ሚ.ሜ ይብሱ። 0.1 ሚ.ሜ ተለጣጭ ክር ከናይለን ይሻላል፣ ናይለን ከተወጠረ ቀጭኑን ክንፍ ይጎትታል።

ለቀለሙ የድሮ ፎቶዎችን ሲያዩ ጥላን አይመኑ። በዚያ ዘመን በብዛት ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃን አይነካውም፦ ቀይ ጥቁር፣ ቢጫ ከሚጠበቀው በላይ የጠቆረ፣ ሰማያዊ ደግሞ የነጣ ሆኖ ይወጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በተቀባ ቦታ ላይ የትኛው ጥላ የትኛው ቀለም እንደሆነ ለመለየት፣ በዚያው ፎቶ ውስጥ ቀለሙ በእርግጠኝነት የሚታወቅ ሌላ ነገር ፈልገው ያነጻጽሩ።