አንዴ ይቆዩኝ

ነርስ ከሆንኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ዋርድ ሠርቻለሁ፣ ኮሌጅ አስተምሬያለሁ፣ ለወረርሽኝ ሥራ ከአገር ወጥቻለሁ። በኋላም የሙያ ፈቃድ ፈተና ከሚያዘጋጁት ጋር ተቀምጫለሁ። ስለ አመራር ስጠየቅ ግን ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ሌሊት ነው።

ከተመረቅሁ ሰባት ወሬ ነበር። የሌሊት ዱቲ ላይ ነኝ። አንዲት እናት በተቅማጥ ተዳክማ ተኝታለች፤ ፖታሺየሟ በጣም ወርዷል። ካርዷ ላይ ፖታሺየም ክሎራይድ ታዞላታል። መጠኑ ተጽፏል፣ በምን ተበጥብጦ እንደሚሰጥ ግን አልተጻፈም። ፖታሺየም ሳይበጠበጥ በደም ሥር በቀጥታ ከገባ ልብ ያቆማል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። ያን ሌሊት ግን «ዶክተሩ አውቆ ነው የጻፈው» አልኩ። አምፑሉን ሰበርኩ። ሲሪንጁን ሞላሁ። ወደ አልጋው ሄድኩ።

ደም ሥሯ ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላውን፣ ስከፍት አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። አብረውኝ ዱቲ የነበሩት አንጋፋ ሲስተር ናቸው። አልጮሁብኝም። «ቆዪ ልጄ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሲሪንጁን ከእጄ ወስደው ትሪው ላይ አስቀመጡት። ካርዱን ይዘን ተረኛው ሐኪም የተኛበት ክፍል ሄድንና አስነሳነው። አይቶ ደነገጠ፣ ወዲያው አስተካክሎ ጻፈ። መድኃኒቱ በኖርማል ሳላይን፣ በጨው ውሃ፣ ተበጥብጦ ቀስ እያለ ሲወርድ አደረ። ሴትዮዋ በአራተኛው ቀን በእግሯ ወጣች።

ጠዋት የተረኞች ርክክብ ላይ ሲስተር የሆነውን ራሴ እንድናገር አደረጉ። እያለቀስኩ ተናገርኩ። እሳቸውም አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን እንዳሳረፉ። በዚያው ሳምንት የፖታሺየም አምፑሎች ከሌሎቹ መድኃኒቶች ተለይተው የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ቁልፉ ተረኛው ኃላፊ ጋ ሆነ። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም፣ ኮሚቴም አልተቋቋመም። አሁን ሳስበው ሲስተር በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተማሩንም፣ ደንብም አወጡልን።

ከዓመታት በኋላ ሄድ ነርስ፣ የዋርዱ ነርሶች ኃላፊ፣ ስሆን ግን ይህን ሁሉ ረሳሁት። በትእዛዝ የሚሆን መሰለኝ። «ስህተት ያየ ወዲያውኑ ለኃላፊው ያሳውቅ» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልመጣም። መጀመሪያ ላይ ሠራተኛው ግዴለሽ ነው ብዬ ተናደድኩ። በኋላ ነው አንዷ ልጅ ለብቻዬ ስታገኘኝ የነገረችኝ። «ሲስተር፣ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አንዱ መጥቶ ሲነግርዎት መጀመሪያ የጠየቁት ማን ነው ያደረገው? ብለው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ በኋላ «ማን?» የሚለውን ጥያቄ ተውኩት። «ምን ተፈጠረ?» ብዬ መጀመር ጀመርኩ። ርክክብ ላይም መጀመሪያ የሚናገረው በሥራ ዘመን ትንሹ ሰው እንዲሆን አደረግሁ። ትልልቆቹ ከተናገሩ በኋላ ትንሹ ምን ይላል? «ምንም የለኝም» ብሎ ዝም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ «7 ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት አባት ሽንት ከትናንት ጀምሮ አልተመዘገበም» አለ። ሄደን አየን። የሽንት ቱቦው፣ ካቴተሩ፣ ተዘግቶ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ከ180 በላይ የጤና ባለሙያዎችን ለኢቦላ ሥራ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ላከች። እኔን የደረሰኝ ላይቤሪያ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ ከ800 በላይ የጤና ሠራተኞች በበሽታው ተይዘው ከ500 በላይ ሞተዋል። ስለዚህ ታማሚው ክፍል ከመግባት ይልቅ መውጣቱ ያስፈራ ነበር። የመከላከያ ልብሱን ስታወልቅ ነዋ አደጋው። በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት ሠርተህ ስትወጣ ቦቲህ ውስጥ ላብ ይንቦጫረቃል፣ መነጽሩ ጉም ይሆናል፣ ፊትህን ማከክ ያምርሃል። ከፊትህ አንድ ሰው ቆሞ እያንዳንዱን ደረጃ በድምፅ ይነግርሃል። በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይረጭሃል። ጓንት፣ እጅ መታጠብ። ጋውን፣ እጅ መታጠብ። መነጽር፣ እጅ መታጠብ።

እኛ ጋ ይህን የሚሠራው የአገሬው ወጣት ነበር። ዲግሪ የለውም። አንድ ቀን የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሐኪም ደክሞት ሳያስበው እጁን ወደ ፊቱ ሰነዘረ። ልጁ «ስቶፕ!» አለው። ሐኪሙ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቀጥ አለ። አልተቆጣም። ሲጨርስ አመስግኖት ሄደ። ያን ቀን ማታ ስለዚያ አንድ ቃል ሳስብ አደርኩ።

«ስቶፕ» ውስጥ አንተ የለም፣ እርስዎም የለም። እኛ ግን «ቆይ» የምንለው ለእኩያችን ወይም ለታናሻችን ነው። የ22 ዓመት ልጅ ለስፔሻሊስት ሐኪም ምን ትበል? «ቆይ» ብትል ባለጌ ትባላለች። «ይቆዩ» ብትል ደግሞ እሷ ማን ሆና ነው የምታዘው? ቃሉን ስታማርጥ መድኃኒቱ ይገባል። አክብሮታችን መልካም ነገር ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ቃሉ አስቀድሞ ተመርጦ፣ ተለማምደውት፣ አፋቸው ላይ መቀመጥ አለበት።

ስመለስ ኮሌጅ ማስተማር ጀመርኩ። ስኪል ላብ ውስጥ፣ ተማሪዎች በአሻንጉሊት በሚለማመዱበት ክፍል፣ አንድ ልምምድ አስገባሁ። አሻንጉሊቱ አልጋ ላይ ነው፤ እኔ ሐኪም እሆናለሁ፤ ሆን ብዬ የተሳሳተ ትእዛዝ እሰጣለሁ። መጀመሪያ የሞከሩት 12 ተማሪዎች ነበሩ። 9ኙ የታዘዙትን ሰጡ። ስህተት መሆኑን ግን አብዛኞቹ አውቀው ነበር! «ቲቸር፣ ፈራን» አሉኝ። እኔም የዚያን ሌሊት ታሪኬን ነገርኳቸው። ከዚያ «ዶክተር፣ አንዴ ይቆዩኝ፤ ይህን ትእዛዝ እንደገና ይዩልኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው እንዲሉት አደረግሁ። እንደ ዜማ ደጋገሙት። አሁንም አጽፋቸዋለሁ፣ አስብላቸዋለሁ።

የፈቃድ ፈተና ጥያቄ እንዳዘጋጅ ስጠራ ይህን ይዤ ሄድኩ። ጥያቄዬን እዚህ አልጽፍም፤ ምስጢር ነው። ነርስ የተሳሳተ ትእዛዝ ስታይ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች የሚለውን ይመለከታል። በዚያ በአንዱ ጥያቄ ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ተከራከርን። አንድ ባልደረባ «ይሄ እኮ ሥነ ምግባር እንጂ ነርሲንግ አይደለም» አለኝ። ጥያቄው አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት የሌሎች ኮሌጆች መምህራን ደውለው ስለ ስኪል ላቡ ልምምድ ጠየቁኝ። አምስት ዓመት ስሰብክ ያልሰማኝ ሰው አንድ ጥያቄ ፈተና ውስጥ ሲገባ ሰማኝ። ስለዚህ ወጣት ነርሶች «ደንብ ማውጣት የቢሮ ሰው ሥራ ነው» ሲሉ አልስማማም። ኬንያ በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የነርሶችን ፈቃድ የሚሰጥ የነርሶች ካውንስል አላት። የእኛ ፈቃድ ከሌሎቹ የጤና ሙያዎች ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠው። ቤቱ የትም ይሁን፣ ነርሶች ጠረጴዛው ላይ መኖር አለባቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም የዓለም ጤና ድርጅትን መምራት ሲጀምሩ ኤልዛቤት ኢሮ የተባሉትን ከኩክ ደሴቶች የመጡ ነርስ የድርጅቱ የነርሲንግ ዋና ኃላፊ አድርገው ሾሙ። ያን ዜና ለተማሪዎቼ ያነበብኩላቸው ቆሜ ነው።

ተማሪዎቼ ይሄዳሉ፤ ያማል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ ይናገራል። ጉድለቱን ሀብታሙ አገር ከእኛ ይሞላል። ድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁኝ ግን እጽፋለሁ፤ ልጆቹ ቤተሰብ አላቸው። ባለፈው አንዷ ከባሕረ ሰላጤው አገር በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። እዚያ በስልክ የታዘዘን መድኃኒት ነርሷ መልሳ ለሐኪሙ ታነብለታለች አለችኝ። «ቲቸር፣ እኔ አልከበደኝም፤ አፌ ለምዶታል» አለች። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

በዚህ ሴሚስተር 14 ተማሪዎች ልምምዱን ወስደዋል። 12ቱ አስቆሙኝ። ሁለቱ ዝም ብለው ሰጡ። አንደኛዋ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ የጽሑፍ ፈተና ላይ ማንም አይደርስባትም። ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱን ለብቻቸው ቀጥሬያቸዋለሁ። ሲሪንጁን እኔው ራሴ ሞልቼ እጠብቃቸዋለሁ።